የትርሲት ድርሻ፦ ከድሬዳዋ ካዛንቺስ ደርሶ መልስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ አሥር ቀን ሆነኝ። ከዚራ ባለችው የጥገና ሱቄ በር ላይ የሚያልፍ ሁሉ «አቦ፣ እህትህ እንዴት ሆነች?» ይለኛል። እሱን መልሼ ሳልጨርስ «ካዛንቺስ የለችም የሚሉት እውነት ነው?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው ስጀምር አንድ ፍሪጅ ወይ ቬንትሌተር ሳልጠግን ይመሻል። ስለዚህ ጻፍኩት። ከእናንተ መሐል ከአዋሽ ወዲያ ተሻግሮ የማያውቅ ብዙ ነው፣ ልሻገር ብሎ የሚያስብም የለም፤ ይሄ ይበቃችኋል።

የመጀመሪያው ቀን

ትርሲት ታናሽ እህቴ ናት። አዲስ አበባ ገብታ ከቀረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት የቀበሌ ቤት ከልጇ ከቤዛ ጋር ትኖር ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እናትና ልጅ ቡልጋሪያ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተው ገቡ። ቤዛ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ደወለችልኝና «ጋሼ፣ እማዬ መብላት አቁማለች» አለችኝ።

«ፍልሰታ ነዋ፤ ትጹም» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ እንጂ። መጀመሪያ ሁዳዴ ነው አልን። ፋሲካ ሲያልፍ 'ሆዴ ጾም ለምዶብኝ ነው' አለች። ከዚያ የሰኔ ጾም መጣ። መሐል መሐሉን ረቡዕና ዓርብ አለ። አሁን ደግሞ ፍልሰታ። ማለቴ፣ እኛ ቤት ሰው መብላት ቢያቆም በምን ይታወቃል?»

ሐኪም ዘንድ ወስዳታለች። ደሟም ጨጓራዋም ተመርምሮ ምንም አልተገኘም። ሐኪሟ ግን «በሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደቷ ከዚህ ከወረደ ሆስፒታል አስተኛታለሁ» ብላለች። ይህን ስሰማ እዚያው ቁርጡን ወሰንኩ፤ ሄጄ አመጣታለሁ፣ ድሬ ሙቀቱ ላይ አስቀምጬ እያጎረስኩ አበላታለሁ። ሱቄን ዘግቼ በማግስቱ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ነበርኩ።

ለትርሲት ከልጅነቷ የምትወደውን ጣፋጭ፣ ሐላዋ፣ አንድ ካርቶን ይዣለሁ። ባቡሩ ሲነሳ ግራርና ግመል፣ ግመልና ግራር እያየሁ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል፣ ይመልሰኛል። ስነቃ ያው ግራር፣ ያው ግመል። የተጓዝን አይመስልም ነበር። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ተምርና ዳቦ አውጥተው «እንብላ» አሉኝ። መንገደኛ ነኝ ብዬ ለራሴ ጾሙን ፈቀድኩና በላሁ። ከዚያ ሐላዋውን ለመቅመስ ብዬ ከፈትኩት። አዳማ ስንደርስ ካርቶኑ ውስጥ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር።

እኔ ስፈራ ይርበኛል። ትርሲት ስትፈራ ይዘጋታል። ከልጅነታችን እንዲህ ነን። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ፣ አባታችን አምሽቶ ሲገባ፣ ፈተና ሲደርስ፣ እሷ እንጀራውን ትነካካለች እንጂ አትጎርስም። ያኔ በአንድ ትሪ ስንበላ በጣታችን በእንጀራው ላይ ድንበር እናሰምር ነበር፤ ይሄ ያንተ፣ ይሄ የኔ እየተባባልን። እናታችን የትርሲት ወገን ሲተርፍ ካየች ትቆነጥጣታለች። ስለዚህ ትርሲት በጣቷ ወደኔ ትገፋለች፣ እኔ ድንበሩን ተሻግሬ እበላላታለሁ። እናቴ ባዶውን ትሪ አይታ «ጎበዝ ልጅ» ትላታለች። ይህንን ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ውለታ ስቆጥረው ኖርኩ።

ድሮ ባቡሩ ለገሃር፣ ከተማው እምብርት ላይ ነበር የሚያወርደን። አሁን ለቡ ነው፤ ከዚያ ወደ ቡልጋሪያ ሌላ ጉዞ አለ። በከዚራ ሸሚዝ ወረድኩ። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የታክሲው መስታወት ላይ ውሃ ይንቆረቆራል። እኛ በነሐሴ ላብ ስንጠርግ እዚህ ሰው ጋቢ ለብሶ መንገድ ይሻገራል። መብራቶቹ በጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ መጥተው ቀስ እያሉ ያልፋሉ፤ የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር፣ ማወቅም አላሻኝም።

የትርሲት ቤት ከመኪና ጋራዦች ጀርባ ነው። በሩን ስትከፍት አላወቅኳትም። ፊቷ ላይ የቀረው ዓይኗ ነው። አቅፌ ስይዛት ትከሻዋ ወጋኝ፤ አለቀስኩ።

«ሐላዋዬስ?» አለችኝ ካርቶኑን አይታ።

«በላሁት» አልኳት። ፈገግ አለች።

ለራት ቤዛ ምስርና ጎመን በትሪ አቀረበች። ትርሲት ሁለቴ ጎረሰችና ያቺን የድሮ ጣቷን አየኋት፤ ቀስ አድርጋ ወደኔ ትገፋለች። እጄ ሳላዘው ሄዶ በላላት። ትሪው ባዶ ሆኖ ሲነሳ ቤዛ ደስ ብሏት «ጋሼ፣ እርስዎ መጥተው እኮ ነው፤ ዛሬ በላች» አለች። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ።

ሁለተኛው ቀን

የጋራዦቹ መዶሻ ቀሰቀሰኝ። እኔ ለዚህ ድምፅ እንግዳ አይደለሁም፤ መፍቻና ካቻቢቴ ሲወድቅ፣ ሞተር ሲያጓራ ስሰማ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል። ትርሲት ግን በእያንዳንዱ ኳኳታ ትከሻዋ ይሰበሰባል። ከጎህ በፊት ነቅታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር ያገኘኋት።

«ምን እየሰማሽ ነው?»

«ምንም። ጆሮዬ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ እኔም አላውቅም።»

ከቁርስ በኋላ፣ ማለትም እኔ ቁርስ ከበላሁ በኋላ፣ «ና፣ ቤቴን ላሳይህ» አለችኝ። በታክሲ ኡራኤል ወረድን፤ ቤተ ክርስቲያኑን ስመን በእግራችን ወደ ካዛንቺስ ወጣን። እኔ የማውቃት ካዛንቺስ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈባት፣ የአንዱ ወጥ ሽታ የሌላው ሳሎን የሚገባባት ነበረች። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው። የእግረኛው መሄጃ ብቻ የከዚራን መንገድ ያህላል። መቀመጫ አለ፣ አበባ አለ፣ ገና የልጅ ክንድ የሚያክሉ ዛፎች በድጋፍ ቆመዋል። ያምራል፤ አያምርም ብል ውሸት ነው። ከዚራ ያሉት ዛፎቻችን ግን ከአያቶቻችን ጋር ነው ያደጉት፤ እነዚህ ከማን ጋር እንደሚያድጉ እንጃ።

ጉሙ ስላልገፈፈ ፎቆቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ትርሲት ቀኝና ግራ እያየች፣ ከንፈሯ እየቆጠረ ሄደችና አንድ አበባ የተተከለበት ቦታ ላይ ደርሳ እግሯን ከፍ አድርጋ ተራመደች። ገባኝ። የድሮው በሯ ክረምት ጎርፍ እንዳይገባ ከፍ ያለ ደፍ ነበረው። እኔም እንደሷ እግሬን አንስቼ ገባሁ። «ይሄ ሳሎኑ ነው። አልጋው እዚያ ጋ። እዚህ በሩ ላይ ከእትዬ ዘይነብ ጋር ምሳ እንበላ ነበር» አለች። የዝናቡ ካፊያ ፊታችን ላይ ይወርዳል፣ እኛ ጣራ ሥር እንዳለን ቆመናል።

አረም የምትነቅል ሴት መጥታ «አባባ፣ አበባው ላይ ቆመዋል» አለችኝ። ወደ ታች ሳይ እውነቷን ነው፤ ሁለት አበባ ጨፍልቄያለሁ። አፍሬ ስወርድ ትርሲት «ሳሎኔ ነበር» አለቻት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ብዙ ሰው እየመጣ ይቆማል» አለችና የለበሰችውን ላስቲክ ግማሹን በትርሲት ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ዝናቡ እስኪያባራ አብራን ቆመች። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ይቆጨኛል።

ስንመለስ ትርሲት በታክሲው ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ «ማንም አልጮኸብኝም እኮ። ቀኑን ነግረውናል፣ ዕቃችንንም አውጥተናል። ነገሩ አልፏል። ሰውነቴ ግን አልሰማም።»

ሦስተኛው ቀን

ሐኪሟ ያለችበት ክሊኒክ ኡራኤል አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀጠሮው ገና ቢሆንም ቤዛ እኔን ለማስተዋወቅ ለምና አስገባችን። ሐኪሟ ከቤዛ ብዙ የማትበልጥ ወጣት ናት። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን መሆኑን ስነግራት ደስ አላት። ወንበሯን አስጠግታ ጀመረች።

«አንጎል ፔፕታይድ የሚባሉ መልእክተኞች አሉት፤ ከፕሮቲን የተቆረጡ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። አደጋ ሲመጣ አንደኛው ይለቀቃል። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ጆሮ ይቆማል። የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል፤ ጅብ ፊት ቆሞ እንጀራ የሚያምረው የለማ።»

እኔን ሊያምረኝ እንደሚችል ጠረጠርኩ።

«ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ይባላል። ያስርባል፤ ጭንቀትንም ያረግባል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ የሚያስርበውና የሚያረጋጋው አንድ መሆኑ። አደጋው ሲያልፍ የመጀመሪያው ማረፍ አለበት። አንዳንድ ሰው ላይ ግን አደጋው አልፎም አያርፍም።»

እዚህ ላይ ገባኝ። «ቴርሞስታቱ ተጣብቋል ማለት ነው» አልኳት። ፍሪጅ በቂ ቀዝቅዞ ሳለ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ገና ነው የሚል ከሆነ ሞተሩ ሌት ተቀን ይሠራል። ውስጡ በረዶ ይጋገራል፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ አይቀርም። ባለቤቱ ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ይመጣል፤ ሞተሩ ግን የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

«እንደዚያ ይውሰዱት» አለች ስቃ። «ግን እኔ አቅልዬ ነው የነገርኩዎት። አንጎል ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ አይደሉም፤ ሁሉም ነገር ታውቆም አላለቀም። ሰውም ከሰው ይለያል። በጭንቀት የሚዘጋው አለ፣ በጭንቀት የሚበላም አለ።» ዓይኗ ሆዴ ላይ ያረፈ መሰለኝ፤ ቦርጬን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

መድኃኒት ጀምራላታለች፤ በየሳምንቱ ከአማካሪ ጋር እንድትነጋገርም ቀጠሮ ይዛላታለች። ጾሙን እንዲያቀሉላት ለንስሐ አባቷ እንድትነግር መከረቻት። ከዚያ ወደ ቤዛ ዞረች። «ስንት እንደምትበላ ማወቅ አለብኝ። በአንድ ትሪ ነው የምትበሉት?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ የሷን በምን ለያችሁት?»

«ትሪው ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሰው» አለች ቤዛ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ለጊዜው ለብቻዋ በሳህን ይቅረብላት። የበላችውን ጻፊና ላኪልኝ።»

ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ ቤት ለብቻው በሳህን የሚበላ ወይ ሳል የያዘው ነው፣ ወይ የተጣላ። ማታ ሽሮዋን በሳህን ስናቀርብላት ትርሲት ሳህኑን እንደ መጥሪያ ወረቀት አየችው። እኔና ቤዛ ከትሪያችን ላይ አንገታችንን አቅንተን አፏን እንጠብቃለን። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» አልኳት። «አፈር ስሆንልሽ እማዬ» አለች ቤዛ። ጠቅልዬ ጉርሻ ዘረጋሁ። ትርሲት ተቀበለችኝ፣ አላመጠች፣ መዋጥ አቃታት።

«እንዲህ ስታዩኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል» አለችና ሳህኑን ይዛ ኩሽና ገባች።

ቆየት ብዬ ስገባ ሳህኑን አስቀምጣ ወጥታለች። አሁን የምጽፈው የሚያሳፍር ነው። ቤዛ አይታ እንዳትደነግጥ ብዬ፣ ደግሞም ፈርቼ ስለነበር፣ እዚያው ኩሽና ቆሜ የትርሲትን ሽሮ በላሁት። ቤዛ ባዶውን ሳህን አግኝታ በስልኳ ለሐኪሟ «ሙሉ ሳህን በላች» ብላ ጻፈች። ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ፤ ትክክል አይደለም አላልኩም።

አራተኛው ቀን

የካዛንቺስ ጎረቤቷ እትዬ ዘይነብ አሁን ከደምበል ሕንፃ ጀርባ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። የወሎ ሰው ናቸው፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ድምፃቸው የልጅ። ሃያ ዓመት ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ከትርሲት ጋር ምሳ ይበሉ ነበር። በፍስክ ቀን ሥጋው ይለያቸዋል፤ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ አንድ ትሪ ላይ አይወጣም። የጾም ቀን ግን ሽሮው የሁሉም ነው። ትርሲት ጾምን ለምን እንዲህ እንዳጠበቀችው እዚህ ቤት ስገባ ነው የገባኝ።

ለእሳቸው ተራ ቀን ነው፤ ለእኛ ብለው ግን ሽሮና ጎመን ሠርተው ጠበቁን። ትሪው ከመቅረቡ በፊት ሊፍቱ ውስጥ የጨነቀኝን፣ በየትኛው ቁልፍ እንደሚከፈት ጠፍቶኝ ሦስቴ ወጥቼ ሦስቴ መውረዴን ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ድሬ ፎቅ የለም?» አሉኝ። «አለ፤ እኛ ግን ጥላውን ነው የምንጠቀምበት» አልኳቸው።

ስንቀርብ እትዬ ዘይነብ አንድ ነገር አየሁባቸው። ብዪ አይሉም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ከታች የሚያልፈውን ሰው ያወራሉ፤ ያቺ ጃንጥላዋ ተገለበጠባት፣ ያ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ይሻገራል። ትርሲት እየሰማች ጎረሰች። ደገመች። ሦስተኛውን ጎረሰች። ከዚያ ቤዛ ቀና ብላ አየቻት። የትርሲት እጅ ቆመ፤ ጣቷ ወደኔ መግፋት ጀመረ። የኔም እጅ ሄደ።

«አንተ የድሬ ልጅ» አሉ እትዬ ዘይነብ ከመስኮቱ ዞር ሳይሉ፣ «እጅህን ሰብስብ።»

የሁላችንም እጅ ቆመ።

«የሷን ነው የምትበላው። ሃያ ዓመት ከሷ ጋር ቆርሻለሁ ወላሂ፤ ወገኗን አውቀዋለሁ።»

«ጋሼ?» አለች ቤዛ። ቀስ ብላ አሰበችና፣ «የትናንቱን ሳህንስ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤዛ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። «ለዶክተሯ ልኬያለሁ እኮ። በቃ፣ ዳነች ብዬ ተኝቻለሁ እኮ ጋሼ።»

ትርሲት ደግሞ በእኔ ተናደደች፤ ልክ ነበረች። «አጋለጥከኝ» አለች፣ «ሸሽገኸኝ ሸሽገኸኝ ሰው ፊት አጋለጥከኝ።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉ እትዬ ዘይነብ። «የተረፈው ይትረፍ። ተርፎ እንየው።»

ትሪው ሲነሳ የትርሲት ወገን እንዳለ ነበር። ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም ከልጅነቷ ጀምሮ፣ የማትበላው ምን ያህል እንደሆነ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ያን ያህል መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ።

በእግራችን ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ሰማዩን ይዞ ተኝቷል፤ በደመና ላይ የምንሄድ ይመስል ነበር። ቤዛ ቀድማን ሄዳ ለሐኪሟ ደውላ ስህተቱን ተናገረች። ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ሳህኑ ካስጨነቃት ይቅር፤ በትሪውም ቢሆን ማንም አይጫናት። የሚያረጋጋት ሰው ካለ አብሯት ይብላ። ክብደቱን ግን በቀጠሮዋ እመዝናለሁ» አለቻት።

እኔ ትርሲትን «ድሬ እንሂድ» አልኳት። ለዚህ ነበር የመጣሁት።

«እዚያም ብሄድ የምትበላልኝ አንተ ነህ» አለችኝ።

በረዶ የያዘ ፍሪጅ ብዙ ሰው በቢላ ይፈቀፍቃል። እኔ ጋ የሚመጣው ግማሹ ፍሪጅ እንዲህ ቱቦው ተበስቶ ጋዙ ያለቀ ነው። የሚደረገው እኮ ቀላል ነው፤ ከሶኬት ነቅሎ በሩን ከፍቶ መተው ነው። ለደንበኛ ሁሉ የምነግረውን እህቴ ላይ ረስቼው «በሞቴ» እያልኩ ስፈቀፍቃት ቆየሁ፤ ሲያቅተኝ ደግሞ በረዶውን በጨርቅ ሸፈንኩት።

አምስተኛው ቀን

ጾሙ ተፈታ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢው በሙሉ የሽንኩርት ቁሌት ሸቷል። ቤዛ ዶሮዋን ከትናንት ጀምሮ ስትሠራ ነው የቆየችው። ትርሲት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ከዛሬ ጀምሮ የምትሸሸግበት ጾም የለም፤ ያንን ሁላችንም እናውቃለን።

ምሳ ሊቀርብ ሲል በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘይነብ ናቸው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ፍስክ ነው» አለች ትርሲት።

«እኔ ዶሯችሁን አልበላ፣ እናንተ የኔን አትበሉ። ሽሮ ማን ከለከለ?» ብለው ድስቱን አስቀመጡ።

ቤዛ በሩ ላይ ጭልፋዋን ይዛ ቆመች። «ዶሮዬስ?»

«አንቺ በሳህን ለብቻሽ» አለች ትርሲት።

ሳቅን። ትርሲትም ሳቀች፤ ከመጣሁ ጀምሮ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቤዛ ለብቻዋ ጥግ ላይ ዶሮዋን ይዛ «እንዲህ ነው እንዴ የሚያስጠላው» እያለች በላች። እኛ ሦስታችን በፍስክ ቀን ሽሮ ከበብን። ትርሲት ጣቷን እንጀራው ላይ አሳረፈችና በእኔና በሷ መካከል፣ ከሽሮው እስከ ጠርዙ፣ መስመር አወጣች።

«ይሄ ያንተ፣ ይሄ የኔ። እንዳትሻገር» አለችኝ።

እትዬ ዘይነብ ወደ በሩ አዩ። እኔም ወደ በሩ አየሁ። የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ይወዛወዛል። ፈርቼ ስለነበር ርሃቤ ሆዴን ይቦጫጭረዋል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው ሁሉ ያምረኛል። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ልብሱን ቆጠርኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬ እንደዚህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ትሪው ሲነሳ ከሷ ወገን ጥቂት ጎድሎ ነበር። ግማሽ አይሆንም፤ ሩቡን ይሆናል። ማንም «ጎበዝ» አላላትም። ቡናም ሳይጠጡ እትዬ ዘይነብ ረቡዕ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ። ትርሲት ድሬ ክረምቱ ሲወጣ በራሷ እግር እንደምትመጣ ነገረችኝ። «እሺ» አልኳት። ባዶ እጄን መመለሴ ነው ብዬ አዘንኩ።

ስድስተኛው ቀን

ጠዋት ትርሲት ስንቄን በምሳ ዕቃ አድርጋ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። በሩ ላይ ጉንጬን ስትስመኝ ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። ጉሙ ውስጥ እስክጠፋ ቆማ ታየኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ዞር ብዬ ግን አላየሁም።

ባቡሩ ውስጥ ተኛሁ። ቢሾፍቱን በእንቅልፍ አለፍኩ፣ አዳማን በግማሽ ዓይን። ሙቀቱ ሲሰማኝ ቤዛ የሰጠችኝን ሹራብ አወለቅኩ፤ አዋሽ ላይ ደርሰናል። ፊት ለፊቴ አንዲት ነጋዴ ሴት ዳቦዋን አውጥታለች። እኔም ስንቄን አወጣሁ። ዕቃው ቀሎኛል። ክዳኑን ስከፍት ግማሽ ዶሮ ወጥ በእንጀራ፣ ግማሽ ባዶ። መጀመሪያ የተደፋ መሰለኝ። ከዚያ የእንጀራውን ጠርዝ አየሁት፤ በጣት ተሰምሮ፣ እስከ መስመሩ ድረስ ተበልቷል። ከመስመሩ ወዲያ ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚታየው።

ቤዛ ጋ ደወልኩ።

«ልነግርዎት እያሰብኩ ነበር ጋሼ» አለች። «ጠዋት ስንቅዎትን ስትቋጥር ኩሽና ቆማ ስትበላ አየኋት። እንዳላየ ሰው ተመልሼ ተኛሁ። ተሸፋፍኜ አለቀስኩ።»

ስልኩን ዘጋሁ። የመንገድ ወግ ነውና ምሳ ዕቃውን ወደ ነጋዴዋ ገፋ አድርጌ «እንብላ» አልኳት።

አየችው። «ይሄማ ለራስዎም አይበቃ» አለችኝ።

«እህቴ ግማሹን በላችብኝ» አልኳት።

ሴትዮዋ ክፉ እህት ያለችኝ መስሏት አዘነችልኝ፤ ከዳቦዋ ትልቁን ቆርሳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ዳቦውን ይዤ በመስኮቱ ግራሮቹን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። አልራበኝም ነበር።